ያልሞተ ሸክላ

ፉሪ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ አንድ ካርቶን ሸክላ አለ። አባቱ በወጣትነታቸው የገዙት ነው። ባለፈው ክረምት ወዳጃችን ከሰው ያገኘውን ያገለገለ ማጫወቻ ከሠርግ ቤት ሚክሰር ጋር ገጣጠመና አንዱን ሸክላ አስቀመጠበት። የወጣው ድምፅ ከጎረቤት ግድግዳ ጀርባ የሚንጫጫ ሬዲዮ ይመስል ነበር። ቤዝ የለም። ከበሮው እንደ ክብሪት ቀፎ ይንኳኳል። ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። እናቱ ከጓዳ ብቅ ብለው "ተወው ልጄ፣ እሱ ከአባትህ ጋር አብሮ ሞቷል" አሉ። በዚያው ሰሞን ካርቶኑን በጅምላ የሚገዛ ሰው ተገኘ።

እኛ የደረስነው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ዋጋ ሲቆርጥ እኛ ቀን ለመግዛት ሞከርን። ምክንያቱም ሸክላው አልሞተም ነበር፤ የሚያነብለት ነበር ያጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸክላው ላይ ያለው ቦይ የድምፁ ሥዕል ነው፣ ግን ልኩን የጠበቀ ሥዕል አይደለም። ወፍራም ድምፅ መቅረጫውን ወደ ጎን በሰፊው ያወዛውዘዋል። እንዳለ ቢቀረጽ አንዱ ቦይ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል፤ ቦዮቹ ይራራቁ ከተባለ ደግሞ ዘፈኑ ማጠር አለበት። ቀጭን ድምፅ በተቃራኒው ውዝዋዜው ትንሽ ስለሆነ በሸክላው ፍግፍግታ ይዋጣል። ስለዚህ ሲቀረጽ ቤዙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጎላል፤ ሲጫወት ደግሞ በተገላቢጦሽ ይመለሳል። በምን ያህል? እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱ አሳታሚ የየራሱ ልክ ነበረው። በ1954 የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር አንድ ልክ አጸደቀ፤ በማኅበሩ ምህጻር አርአይኤኤ ይሉታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው፤ አይሲውም ዘፈኑም በአንድ ካላንደር ይገናኙ ብለን ነው።) በዚህ ልክ መሠረት 20 ኸርዝ ላይ ያለው ድምፅ 1,000 ኸርዝ ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ይጎላል፤ 20,000 ኸርዝ ላይ ያለው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። የሠርግ ቤቱ ሚክሰር ይህን አያውቅም። የተቀነሰውን ቤዝ እንደተቀነሰ፣ የጎላውን ቀጭን ድምፅ እንደጎላ አሰማን።

ታዲያ አባትየው በጊዜያቸው እንዴት አዳመጡት? እንደ ሻንጣ የሚዘጋው የያኔው ማጫወቻ በአብዛኛው የሴራሚክ መርፌ ነበረው። የሴራሚክ መርፌ ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ባሕርይውም ማስተካከያውን በግርድፉ ራሱ ይሠራዋል። ወዳጃችን ያገኘው ማጫወቻ ግን የማግኔት መርፌ ነው ያለው። ድምፁ የጠራ ነው፣ ግን የሚሰጠው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ብቻ ነው። መቶ ጊዜ ያህል ካልጎላና በልኩ ካልተስተካከለ አይበላም።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ሀገር ፍቅር ግን የምሽት ክለቦቹን አዲስ ሙዚቃ በሸክላ ለማውጣት አልተነሣም። በ1969 ሙዚቃ ቤት የነበረው አምሓ እሸቴ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ ድንጋጌውን እያወቀ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀድቶ ህንድ አገር አሳተመ። እስር ቤት ይገባል ብሎ የሰጋ ነበር፤ አልገባም። እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ገደማ ትላልቅ ሸክላዎችን አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ "ኢትዮ ጃዝ" በ1974 የወጣው በእሱ ስም ነው። ፊሊፕስም ገባበት፣ የዓሊ አብደላ ካይፋ ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ምሽቱን ዘጋው፣ አምሓ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ካሴት ደግሞ ሸክላን በርካሽነቱ ጣለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ሸክላ ታሪክ አብቅቶ ነበር። ከአምሓ ጀምሮ ቢቆጠር እድሜው ከአሥር ዓመት ብዙም አይበልጥም። ከሃያ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ሲዲ ያንን ዘመን ለዓለም አሰማ፤ እኛም ከዓለም ተዋስነው። ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን የራሳችንን ሸክላ የምናውቀው ሌላ ሰው መርጦ ባጸዳው ቅጂ መሆኑ ይከነክነናል።

ወደ ሥራው እንመለስ። ኦፕ-አምፕ የሚባለው፣ የሬዲዮ ጠጋኞቻችን በደፈናው አይሲ የሚሉት፣ ስምንት እግር ያለው ጥቁር ነገር ነው። በጣም የታወቀው 741 በ1968 ወጣ፣ አምሓ ከመጀመሩ አንድ ዓመት በፊት። እኛ የተጠቀምነው ግን ኤንኢ5532 የሚባለውን ነው። በአንድ አካል ሁለት ማጉያ ስለያዘ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ ይሆናል፤ የራሱ ጫጫታም ትንሽ ነው። ይህ አይሲ የወጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እኛ አገር ሸክላ በሞተበት ጊዜ ማለት ነው። ሠሪው ሲግኔቲክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ በ1975 የገዛው ደግሞ ፊሊፕስ፣ ያው የጥላሁን ገሠሠን ሸክላ ያሳተመው ፊሊፕስ። ሸክላውና አይሲው የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ሳይተያዩ ቀሩ። ፉሪ ላይ ነው ያስተዋወቅናቸው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። መግቢያው ላይ 47,000 ኦም ሬዚስተር፣ የአርአይኤኤን ልክ የሚሠሩ ሁለት ሬዚስተርና ሁለት ኮንደንሰር በእያንዳንዱ ወገን፣ የቀረው ሽቦ። ችግሩ ኮንደንሰሩ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አይገናኝም። ከመርካቶ በአንድ እፍኝ ገዝተን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በቴስተር ስንለካ ዋልን፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ዘፋኙ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላላ። (ሻጩ "ለምን ትለካላችሁ፣ አንድ ዓይነት ነው" ብሎን ነበር። አልነበረም።)

መጀመሪያ ስናበራው የሰማነው አለማየሁን ሳይሆን መብራት ኃይልን ነው። 50 ኸርዝ ቤቱን ሞላው፤ አርአይኤኤ ቤዝን የሚያጎላ ስለሆነ ይህንንም አብሮ ያጎላዋል። አዳፕተሩን ጥለን በሁለት ዘጠኝ ቮልት ድንጋይ ቀየርነው፤ የሁለቱ መገናኛ ዜሮ ሆነ። ሰሌዳውን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከትተን ቆርቆሮውን ከዜሮው ጋር አሰርነው። እምምታው ጠፋ። ፉሪ ላይ መብራት ሲሄድም ማጉያው አይሰማውም፤ ማጫወቻው ግን ይቆማል፤ እሱን ገና አልፈታነውም።

ሁለተኛው ለውጥ ከአንድ ማብሪያ ማጥፊያ አይበልጥም። የካርቶኑ ሸክላ አብዛኛው ሞኖ ነው። ግራና ቀኙን ስናጣምር መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘል የሚፈጥረው ፍግፍግታ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ወደ ጎን የተቀረጸው ዘፈን ግን ይቀራል። በአንድ ብር የማይሞላ ሽቦ ያንን ያህል አቧራ ጠረግን።

ሦስተኛው ላይ ተጨቃጨቅን። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀድተዋል፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላ የሚባለው ያ ነው። ያኔ ማይክሮፎን የለም፤ በኤሌክትሪክ መቅዳት የመጣው በ1925 ነው። ዘፋኙ ወደ ቀንድ ይጮሃል፣ ቀንዱ መቅረጫውን ያንቀሳቅሰዋል። የቀነሰው ቤዝ የለም፣ ያጎላው ቀጭን ድምፅ የለም። እንዲህ ያለውን ሸክላ በአርአይኤኤ ማጫወት ያልተበደለውን መካስ ነው፤ ሰውዬውን ብርድ ልብስ ውስጥ ይከቷቸዋል። ግማሾቻችን "ሸክላው የሌለን ምን አገባን" አልን። የቀሩት ኮንደንሰሮቹን ከመንገድ አውጥቶ በአንድ ሬዚስተር የሚተካ ሁለተኛ ማብሪያ ማጥፊያ በየዱ። መርፌውም ሦስት እጥፍ ያህል መስፋት አለበት፤ ያንን እየፈለግን ነው።

ቅዳሜ ማታ ያንኑ የመጀመሪያውን ሸክላ አስቀመጥን። ቤዝ ጊታሩ ገባ። ከበሮው ሆድ አወጣ። እናቱ ቡናውን ትተው መጡና ቆመው ሰሙ። ሲያበቃ "ገልብጡት" አሉ። ጀርባውን ያለውን ዘፈን ኋላ ብንፈልገው ሲዲ ላይም፣ ኢንተርኔት ላይም አላገኘነውም። ከካርቶኑ እስካሁን ያደመጥነው አሥራ አንድ ነው፤ ገና ሠላሳ ገደማ ይቀራል። ገዢው ሰኞ ደወለ። ስልኩን ያነሡት እናቱ ናቸው።