የኩብ መወጣጫ
የኩብ መወጣጫ ከብረት ቧንቧ የሚሠራ፣ እርስ በርስ በተያያዙ ኩቦች የተዋቀረ የልጆች መጫወቻ ነው። አሜሪካዊው የፓተንት ጠበቃ ሴባስቲያን ሂንተን በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ አቅራቢያ በምትገኘው ዊኔትካ በትምህርት ቤት አስተከለው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1923 አገኘ። ሐሳቡ ግን የመነጨው ከአባቱ፣ ከሒሳብ ሊቁ ቻርልስ ሃዋርድ ሂንተን ነው። አባትየው ጃፓን ሳሉ ከቀርከሃ ተመሳሳይ ፍርግርግ ሠርተው፣ ሦስት ቁጥሮች እየጠሩ ልጆቻቸውን ወደተባለው መገናኛ ያሽቀዳድሟቸው ነበር፤ ሁለቱ ቁጥሮች የጎንና የፊት ርቀትን፣ ሦስተኛው ከፍታን ያመለክታሉ። ሦስቱን አቅጣጫዎች በአካሉ የለመደ ልጅ አራተኛውን ለማሰብ አይቸገርም ብለው ያምኑ ነበር።

ልጆቹ የወደዱት መንጠላጠሉን እንጂ ቁጥሩን አይደለም፤ ስለዚህ መጫወቻው ከሒሳብ ጋር አይገናኝም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ትዝብቱ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። አንዱን ዘንግ ለቆ ሌላውን የሚጨብጥ ልጅ እጁ የት እንደሚደርስ ይገምታል፤ ወደ አንድ ጥግ የሚያደርሱ የተለያዩ መንገዶችን ያነጻጽራል፤ የወጣበትን ገልብጦ ይወርዳል። ስሙን ባያውቀውም የሚሠራው ጂኦሜትሪ ነው፤ የአባትየው ስሕተት ስያሜውን ከልምዱ ማስቀደማቸው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ መወጣጫዎች አንዱ ዛሬም ዊኔትካ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል።