ከ"ጂቢ" እስከ "አይ ሃቭ ወርክድ"፦ የእንግሊዝኛችን ታሪክ

እሑድ ከሰዓት ከሐምራ መንገድ ወደ ባሕሩ የወረደች ሁሉ ብሊስ መንገድን ታውቀዋለች። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ በር እዚያ ነው። ተማሪዎቹ ሳንድዊች ይዘው ቆመው ሲያወሩ ጆሮ ጣል ብናደርግ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጀምረው በዐረብኛ ያሻግሩትና በፈረንሳይኛ ይጨርሱታል። "ሃይ፣ ኪፋክ፣ ሳ ቫ?" የሚለው ሰላምታ የቤይሩት መቀለጃ ሆኗል። እኛ ግን አጠገባቸው ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። አምስት ዓመት፣ ስምንት ዓመት፣ አንዳንዶቻችን አሥር ዓመት እንግሊዝኛ ተምረን፣ "ዌር አር ዩ ፍሮም?" ሲሉን መልሱ ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የእኛ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝኛ ወደ እነሱም ወደ እኛም አገር እንዴት እንደገባ ሳጠያይቅና ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ዘመኑን እዚህ በለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከዚሁ ከብሊስ መንገድ እንጀምር። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዳንኤል ብሊስ ነው፤ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ነበር። በ1866 በ16 ተማሪዎች የከፈተው ኮሌጅ ነው በ1920 የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተባለው። የሚገርመው ግን ኮሌጁ ሲጀመር ትምህርቱ የሚሰጠው በዐረብኛ ነበር። ኮርኔሊየስ ቫን ዳይክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የሕክምና መማሪያ መጻሕፍትን ሳይቀር በዐረብኛ እየጻፈ ያስተምር ነበር። በ1880ዎቹ ግን ኮሌጁ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። አዲስ መጽሐፍ በየጊዜው መተርጎም አድካሚ ነው፣ ዐረብኛ የሚችል ፕሮፌሰርም ከአሜሪካ ማምጣት አይቻልም ተባለ። ቫን ዳይክም በዚያው ዘመን በሌላ ጠብ ሥራውን ለቀቀ። ወዲያ ማዶ ፈረንሳዮቹ ኢየሱሳውያን በ1875 የቅዱስ ዮሴፍን ዩኒቨርሲቲ ከፍተው በፈረንሳይኛ ያስተምሩ ነበር። ከ1920 ጀምሮ ፈረንሳይ ራሷ አገሪቱን ስለያዘች፣ ሊባኖስ በ1943 ነፃ ስትወጣ ትምህርት ቤቶቿ በሁለት ተከፍለው ነበር፤ ግማሹ የእንግሊዝኛ፣ ግማሹ የፈረንሳይኛ። እስከ ዛሬም የማዳሞቻችን ልጆች ሒሳብና ሳይንስ የሚማሩት ከሁለቱ በአንዱ ነው።

ሴቶችስ? ሳራ ሃንቲንግተን ስሚዝ የምትባል ሚሲዮናዊት በ1835 እዚሁ ቤይሩት ውስጥ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አሠርታ ነበር። ከሐምራ በላይ ቁረይጥም ያለው የሊባኖስ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙዎቻችን በአጥሩ ሥር የምናልፈው፣ ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚያች ትምህርት ቤት ነው። በ1924 ኮሌጅ ሲሆንም የሴቶች ኮሌጅ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን። አዲስ አበባ ላይ ላጋር የምንለው ሰፈር ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የመጣውን ባቡር የዘረጉት ፈረንሳዮች ነበሩ፣ በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ማለትም ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ እንግሊዝኛም ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ እንጂ ዋናው አልነበረም። እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1931 ሲከፈትም ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ነበር።

በዚያ ዘመን ከነበሩት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንዱ ግን ታሪኩ ለእኛ ለስደተኞች ቅርብ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላሉ። ጎንደር ተወልደው፣ ገና ሕፃን ሳሉ በ1868 መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። ቻርልስ ማርቲን የተባሉት በሁለት ኮሎኔሎች ስም ነው። እንግሊዝኛ እየተናገሩ አደጉ፣ ሐኪም ሆኑ፣ አማርኛውን ግን ረሱት። ጎልማሳ ሆነው አገራቸው ሲመለሱ ቤተሰቦቻቸው በሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ እንደለዩዋቸው ይነገራል። ከገዛ ዘመዶቻቸው ጋር ያወሩት በአስተርጓሚ ነበር። በ1925 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ፣ በኋላም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ። እዚህ የተወለዱና አማርኛ የማይመልሱልን ልጆቻችንን ሳይ ሐኪም ወርቅነህ ትዝ ይሉኛል። እንጀራ የሰጣቸውም፣ ከቤተሰባቸው የለያቸውም ያው አንድ ቋንቋ ነው።

ጣሊያን በ1941 ሲወጣ የገባው የእንግሊዝ ጦር ነው፣ ፈረንሳይኛም ቦታውን ለቀቀ። ኮተቤ ላይ በ1943 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1946 ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት፣ እሱን የሚመራው ራሱ ብሪቲሽ ካውንስል ነበር። መነን ትምህርት ቤትም ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። በ1950 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት ኢየሱሳውያን ከካናዳ፣ ያውም ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ክፍል የመጡ ነበሩ፤ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ ሰዎች የኢትዮጵያን ልጆች በእንግሊዝኛ አስተማሩ። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ወደ ቤይሩትም ይላኩ ነበር፤ ማደሪያቸው እዚሁ የብሊስ መንገድ ግቢ። ከኢትዮጵያ ሰው ወደ ሐምራ ለመማር የመጣበት ዘመን ነበር ለማለት ነው።

የገጠርና የአውራጃ ከተማ ልጅ እንግሊዝኛን ከፈረንጅ አፍ የሰማው ግን ከ1962 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን በአንዴ ገቡ፤ ፒስኮር እንላቸው ነበር። እናቶቻችን "የኔ ፒስኮር" እያሉ ሲያወሩ የሰማን አለን። ብዙዎቹ ለመምህርነት የሠለጠኑ አልነበሩም። ያወሩ ነበር፤ ተማሪውም መልስ ለመስጠት መናገር ነበረበት። የዚያ ዘመን ሰዎች ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው ዛሬም አቀላጥፈው ሲናገሩ የምንደነቀው አንዱ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። ሌላው ምክንያት አንደኛ ደረጃም በእንግሊዝኛ ይሰጥ መሆኑ ነው፤ በአማርኛ የተተካው በ1963 ገደማ ነው።

ከዚያ በኋላ ቋንቋው ወደ ፈተና ወረቀት ገባ። ማትሪክ ያለ እንግሊዝኛ አይታለፍም ነበር፣ ፈተናው ደግሞ ኤ ቢ ሲ ዲ ማክበብ ነው። ለማክበብ አፍ አያስፈልግም። በ1994 የወጣው ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርትነት እንዲሰጥ ቢያደርግም፣ የሚያስተምሩት መምህራን ራሳቸው ንግግር ያልተማሩ ነበሩ። እኛም በአንድ ድምፅ "አይ አም፣ ዩ አር፣ ሂ ኢዝ፣ ሺ ኢዝ" እያልን አዜምን፤ "ሐዋሳ ኢዝ ኤ ሲቲ"ን ወደ ጥያቄ ቀየርን፤ አክቲቭ ቮይስን ወደ ፓሲቭ ገለበጥን። ሰባ ሰማንያ ሆነን ተቀምጠን በዓመት አንዴ እንኳ ብቻችንን አንድ ዓረፍተ ነገር ያልተናገርን ነን። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት ይገባል፣ በስክሪኑ ያለው መምህር በፍጥነት ይናገራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ያልፋል። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ። ፕላዝማን የሚያሞግሱ አሉ፤ እኔ ግን ያስተማረን ዝምታን ነው እላለሁ።

ይህን ይዘን ነው ቤይሩት የገባነው። እዚህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ጠበቀን።

ፊዳ ቢዝሪ የምትባል ሊባኖሳዊት የቋንቋ ተመራማሪ አለች። የስሪላንካ ሴቶች ሊባኖስ ቤት ውስጥ የሚናገሩትን ዐረብኛ አጥንታ በ2010 መጽሐፍ አወጣች። ስሙ "ፒጂን ማዳም" ነው፣ ንዑስ ርእሱም የሎሌነት ሰዋስው እንደ ማለት ነው። ያገኘችው ነገር ቀላል ነው፣ ግን ያማል፤ ሴቶቹ የሚጠቀሙባቸው ግሶች ለሴት ከሚሰጥ ትእዛዝ የተወሰዱ ናቸው። "ጂቢ"፣ "ሩሒ"፣ "ተዒ"፣ "ናድፊ"። ከማዳም አፍ የሚወጣው ትእዛዝ ስለሆነ ግሱም በትእዛዝ መልኩ ጭንቅላት ውስጥ ይተከላል። ከዚያ "እኔ ሄድኩ" ለማለትም "አና ሩሒ" ይባላል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ቀረ። የራሴ ዐረብኛ ነበር።

እንግሊዝኛውም ያው ነው። በእንግሊዝኛ የምታዝ ማዳም ቤት የገባች እህት "ብሪንግ"፣ "ክሊን"፣ "ሃሪ አፕ" ትሰማለች። ከአገሯ ደግሞ ፓሲቭ ቮይስ ይዛ መጥታለች። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም መጠየቅ፣ ያለፈን ነገር መተረክ፣ "አልተስማማሁም" ማለት፣ በሁለቱም ቤት ባዶ ነው።

እሠራበት በነበረው ቤት የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ያፈሰዋል። አንድ ቀን ማታ ጠረጴዛ ሳጸዳ የቤት ሥራውን አየሁ፤ "ዲድ ዩ ዌንት" ብሎ ጽፏል። ሳላስበው "ኖ፤ ዲድ ካለ ጎ ነው" አልኩት። ሰባተኛ ክፍል መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለቴ አስምረውበት ነበር፤ ዲድ ካለ ግሱ ወደ መጀመሪያ መልኩ ይመለሳል። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። "ታዲያ ለምን አታወሪም?" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ከዚያ ተስማማን። እኔ ደብተሩን አያለሁ፣ እሱ ያናግረኛል። ሳህን ሳጥብ አጠገቤ ቆሞ "ዋት ዲድ ዩ ኩክ የስተርደይ?" ይለኛል። "አይ ኩክድ ራይስ" እላለሁ። "ኤንድ ዘን?" ይላል። ይህች "ኤንድ ዘን" ብዙ አስተማረችኝ፤ መምህሮቻችን አንዱን ዓረፍተ ነገር ሰምተው "ቬሪ ጉድ፣ ሲት ዳውን" ይሉን ነበር እንጂ ቀጥሎስ ያለን አልነበረም። ስሳሳት አልሳቀም፣ እኔም ደብተሩ ላይ ስሕተት ሳገኝ አልሳቅኩም። አንዴ እንግሊዝኛ ለአንቺ፣ ለአንተና ለእርስዎ አንድ "ዩ" ብቻ እንዳለው ስነግረው ገረመው፣ እኔንም እያወራሁት ገረመኝ። አማርኛ ሰው ፊት ስንቆም ደረጃውን መርጠን እንድንገባ ያስገድደናል። በእንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለማዳምም ያው "ዩ" ነው። መጀመሪያ ላይ ማዳምን "ዩ" ስላት ጋጠወጥ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ግራመሩ ከንቱ ነው ለሚሉ እህቶች ግን አንድ ነገር ልጨምር። እንበል አንዲት እህት ጠበቃ ወይም የኤምባሲ ሰው ፊት ቀርባ የደመወዟን ነገር ታስረዳለች። "አይ ዎርክድ ፎር ስሪ ይርስ" ብትል ሦስት ዓመት ሠርቼ ነበር፣ አበቃ ማለት ነው። "አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ" ብትል ግን ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም እዚያው ነኝ። "ደይ ዲድ ኖት ፔይ ሚ" ያኔ አልከፈሉኝም ይላል፤ "ደይ ሃቭ ኖት ፔይድ ሚ" እስከ ዛሬ አልከፈሉኝም ይላል። አማርኛችን ይህን ልዩነት "ነበር" እና "ሆነኝ" በሚሉት ይዞታል፤ አዲስ አሳብ አይደለም፣ አዲስ ልብስ ነው። ስምንተኛ ክፍል ፕሬዘንት ፐርፌክት እያልን የሸመደድነው ይኼው ነው። እዚህ አገር የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ያወጣታል። ከ2009 ጀምሮ ያለውን ወጥ ኮንትራት ደግሞ የምንፈርመው በዐረብኛ ነው፣ በማናነበው ፊደል። ስለዚህ አንዲት ሴት በቢሮ ውስጥ ያላት ብዙ ጊዜ የራሷ ቃል ብቻ ነው፣ ያም ቃል በትክክለኛው ጊዜ መነገር አለበት።

ጥር 2015 ላይ የቤት ሠራተኞች ማኅበር እዚሁ ቤይሩት ሲመሠረት የተሰበሰቡት ከብዙ አገር የመጡ ሴቶች ነበሩ። መንግሥት ሕገ ወጥ ነው አለው። አንዷ የኔፓል፣ አንዷ የፊሊፒንስ፣ አንዷ የእኛ አገር ሆነው ሲቀመጡ የሚያገናኛቸው ወይ ዐረብኛ፣ ወይ እንግሊዝኛ፣ ወይ ፈረንሳይኛ ነው። በ2011 የተከፈተው የስደተኞች ማኅበረሰብ ማዕከልም ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ የቋንቋ ትምህርት ነበር።

በእሑድ ክፍል ያየሁትን ልንገራችሁ። አዲስ የገባች ልጅ ደብተሯን ከፍታ ሰንጠረዥ ትጠብቃለች፤ "አይ አም፣ ዩ አር" ይጻፍልኝ ትላለች። መምህርቷ ደብተሩን አስዘግታ "ትናንት ምን ሆንሽ?" ትላታለች። ልጅቷ ታፍራለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ በአማርኛ ትመልሳለች። ከኋላ የተቀመጡት ያግዟታል። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ የወጣው ዓረፍተ ነገር "የስተርደይ አይ ቶልድ ማዳም አይ አም ሲክ" ነበር። አንዷ እጇን አውጥታ "አይ ዎዝ ነው መሆን ያለበት" አለች። ሌላዋ "አሁንም አሟት ቢሆንስ?" አለች። ክፍሉ በሁለት ተከፈለ፣ ክርክሩም ሰዓቱ አልቆ ደረጃውን እየወረድን ሳለን አላበቃም ነበር።