ሦስት ግራም ዘይት

ጓደኛዬ እርሳሷን አነሳችና ሶፍት ላይ ሦስት የቻይና ፊደላት ጻፈች። ቲያንጂን፣ የዩኒቨርሲቲያችን ካፌ ውስጥ ነን፤ 2017 ሊያልቅ ነው፤ ውጪ የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ይሰብራል። “አንብቢው” አለችኝ። ያኔ ቻይንኛዬ ገና ዳዴ ይል ስለነበር እየተንተባተብኩ አነበብኩት። ሳን፣ ከ፣ ዮው። ሦስት፣ ግራም፣ ዘይት።

“ሦስት ግራም ዘይት ምን ይሠራል?”

“ፈጠን አድርገሽ በይው።”

ሳንከዮው። ታንክ ዩ! ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ እንግሊዝኛ እንዲህ ነበር የሚሸመድዱት፤ አስተማሪዋ ስታይባቸው ትቆጣቸዋለች፣ ዞር ስትል ይጽፋሉ። እኛም እኮ ልጅ ሆነን በግእዝ ፊደል እንጽፍ ነበር። ልዩነቱ የእኛ ፊደል ድምፅ ብቻ መሆኑ ነው። “ታ” ብለህ ብትጽፍ ምንም ማለት አይደለም። የቻይና ፊደል ግን ትርጉሙን ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ አመሰግናለሁ ልትል ፈልገህ ዘይት ትመዝናለህ።

ሳቃችን ሲያልቅ ወደ ቁም ነገሩ ገባን። ጓደኛዬ የኮሌጅ እንግሊዝኛ ፈተና ደረጃ አራት የሚባለውን ልትፈተን ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ከ1987 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በመላ አገሪቱ የሚሰጥ ፈተና ነው። ከ710 ይታረማል፣ 425 ካልመጣ ግን ማንም አለፍክ አይልህም። እሷ መጀመሪያ 398፣ ቀጥላ 411 አመጣች። የማሽን ንድፍ ስትሠራ ክፍሉን ሁሉ የምታስከነዳ ልጅ ናት፤ ብዙ ቀጣሪዎች ግን ከንድፉ በፊት ይህችን ቁጥር ነው የሚጠይቁት።

“አንቺ አስጠኚኝ” አለችኝ። “ትምህርትሽን በእንግሊዝኛ አይደል የተማርሽው?”

አዎ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም የአገሬን ፈተና ያለፍኩት አንቀጹን ሳላነብ ጥያቄውን እያየሁ፣ ተመሳሳይ ቃል እያደንኩ፣ ኤ ወይም ሲ እያጠቆርኩ ነው። ይህን አልነገርኳትም። እሺ አልኩ።

*

ጥናታችን ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ታሪክ ወሰደኝ። ምክንያቱም ጓደኛዬ በየጥያቄው መጨረሻ “መልሱ ሲ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ግን ማን ነው ሲ ነው ያለው?” ትለኝ ነበር። ለቀልድ ነው። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የቺንግ ሥርወ መንግሥት ከ1757 ጀምሮ የአውሮፓ ነጋዴዎችን በካንቶን፣ የዛሬዋ ጓንጁ ማለት ነው፣ ብቻ ወስኗቸው ነበር። በ1759 ጄምስ ፍሊንት የሚባል የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰው አቤቱታውን በቻይንኛ አጽፎ በመርከብ ወደ ሰሜን መጣ። የደረሰውም እዚችው ቲያንጂን ነው። ፍሊንት ማካው ውስጥ ሦስት ዓመት ታሰረ። አቤቱታውን በመጻፍ የረዳው ቻይናዊ ግን አንገቱን ተቀላ። ለባዕድ ቋንቋ ማስተማርም ተከለከለ።

ነጋዴ ግን ሳይግባባ አይውልም። ፈረንጁ ቻይንኛ መማር ካልቻለ የካንቶኑ ነጋዴ የፈረንጁን ቃል መልቀም ነበረበት። እንግሊዝኛ ቃላት በቻይንኛ አሰካክ ተደርድረው “ፒጂን” የሚባለው የገበያ ቋንቋ ተወለደ። ስሙም “ቢዝነስ” የሚለው ቃል በቻይናውያን አፍ ተለውጦ የመጣ ነው ይባላል። በየሱቁም ትናንሽ መጻሕፍት ይሸጡ ነበር፤ “የቀይ ፀጉራሞች ንግግር” የሚል ዓይነት ርዕስ ያላቸው፣ የእንግሊዝኛውን ድምፅ በቻይና ፊደል የሚያስጠኑ። ይኸው ሦስት ግራም ዘይት ማለት ነው! የጓደኛዬ የልጅነት ዘዴ ቢያንስ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው።

*

አንድ ቅዳሜ በምድር ባቡር ስንሄድ የሃይጓንግሲ ጣቢያ ስም ሲጠራ ዘልዬ ወረድኩ። ጓደኛዬ ምን ነካሽ እያለች ተከተለችኝ። ስሙ የቤተ መቅደስ ስም ነው፤ ቤተ መቅደሱ ግን ዛሬ የለም። በ1858 እንግሊዞች ከባሕሩ በር ያለውን የዳጉ ምሽግ በመድፍ ከያዙ በኋላ የቲያንጂንን ውል ያስፈረሙት እዚያ ነው።

ያን ውል ስለ ወደቦችና ስለ ካሳ ነው ብለን እናውቀዋለን። አንቀጽ 50 ግን ስለ ቋንቋ ነው። እንግሊዞች ከዚያ በኋላ ለቻይና መንግሥት በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ለጊዜው ብቻ የቻይንኛ ትርጉም አብሮ ይያያዛል፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ከተገኘ ትክክለኛው ፍቺ እንግሊዝኛው ነው። አንቀጽ 51 ደግሞ “ዪ” የሚለው ፊደል፣ አረመኔ ተብሎ የሚተረጎመው፣ ለእንግሊዞች በመንግሥት ጽሑፍ እንዳይውል ይከለክላል። አንዲት ፊደል በመድፍ ተሠረዘች።

ይህን ለጓደኛዬ ሳስረዳት “አንቺ ለምንድነው እንዲህ የሞቀሽ?” አለችኝ። የውጫሌን ውል ነገርኳታ! በ1889 በምኒልክና በጣሊያን መካከል የተፈረመውን፤ አንቀጽ 17 በአማርኛው “ቢፈልጉ ይችላሉ” ዓይነት፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ መገኘቱን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ በ1896 ዓድዋ ላይ መፈታቱን። እኛ ዘንድ አማርኛውም ጣሊያንኛውም እኩል ስለነበሩ “የእኛ ጽሑፍ እንዲህ አይልም” ብሎ ለመሟገት ቦታ ነበረ። ቲያንጂን ላይ ያንን ቦታ አስቀድመው ነው የዘጉት።

ጓደኛዬ ዝም ብላ ቆየችና “ስለዚህ ሲ ነው ያለው አንቀጽ 50 ነው” አለች።

*

ከውሉ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ ልዑል ጎንግ ቤጂንግ ውስጥ ቶንግዌን ጓን የሚባል የቋንቋ ትምህርት ቤት አስከፈተ። እንግዲህ ትክክለኛው ፍቺ በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። መጀመሪያ የገቡት አሥር የማንቹ ልጆች ናቸው። ለጨዋ ቤተሰብ ግን ነገሩ ውርደት ነበር። በዚያ ዘመን ሹመት የሚገኘው የኮንፊሺየስን መጻሕፍት ሸምድዶ የንጉሠ ነገሥቱን ፈተና በማለፍ ነው፤ የባዕድ ቋንቋ የአስተርጓሚና የደላላ ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ግን ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ጓንግሹ ራሱ የዚያን ትምህርት ቤት ምሩቃን አስጠርቶ እንግሊዝኛ መማር ጀመረ።

በመሐሉ ደግሞ የ120ዎቹ ልጆች ታሪክ አለ። በ1854 ከየል ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ዩንግ ዊንግ መንግሥቱን አሳምኖ ከ1872 ጀምሮ ልጆች ወደ አሜሪካ እንዲላኩ አደረገ። ልጆቹ ቤዝቦል መጫወት ለመዱ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመሩ፣ አንዳንዱ ሹሩባውን ቆረጠ። ቤጂንግ ደነገጠች። በ1881 ልጆቹ ተጠርተው ተመለሱ፤ አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ። ከጨረሱት ጥቂቶች አንዱ ጃን ቲያንዮው በ1909 የተመረቀውን የቤጂንግ–ጃንግጂያኮው ባቡር መስመር ሠራ። ልጆቹ ቋንቋውን አምጡ ተብለው ተላኩ፤ ቋንቋው ብቻውን አልመጣ አለ።

*

አሁን ወደ ሰዋስው ልመለስ፤ እኔና ጓደኛዬ በጣም የተጣላነው እዚያ ላይ ነውና።

ስለ ወንድሜ ስታወራ “ሺ” ትላለች። ስለ እናቴ “ሂ” ትላለች። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በአማርኛ እኮ “ሄደች” ብለህ አንዲት ቃል ስትናገር ማን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ መቼ፣ ሁሉም እዚያው አለ። በቻይንኛ ግን እሱም እሷም “ታ” ናቸው። ለሴት የተለየ ፊደል የተለመደው ከመቶ ዓመት ወዲህ ነው፤ ምሁሩ ሊዩ ባንኖንግ በ1920 ሲሟገትለት አንዱ ችግር የአውሮፓ ጽሑፍ መተርጎም ነበር። ፊደሉ ተለየ፣ ድምፁ ግን እስከ ዛሬ አንድ ነው። ግሡም በጊዜ አይለዋወጥም። “ትናንት” ካልክ በቃ፣ ትናንት ነው፤ ድርጊቱ መፈጸሙን ማሳየት ከተፈለገ “ለ” የምትባል ቅንጣት ትጨመራለች።

ቻይናዊ የጻፈው የመጀመሪያው ስልታዊ የቻይንኛ ሰዋስው መጽሐፍ ተብሎ የሚታወቀው እንኳን በ1898 የወጣው የማ ጂያንጆንግ ሥራ ነው። ሰውየው ፈረንሳይ የተማረ ነው፤ ቻይንኛን የለካው በላቲን ሰዋስው ሜትር ነው። በሰው ሜትር ስትለካ ሁልጊዜ የሚጎድልህ ነገር ይገኛል።

ይህ ከገባኝ በኋላ ስሕተቶቿን “ስንፍና” ማለት አቆምኩ። “ዘ” የምትባለዋን ቃል በረሳች ቁጥር ቻይንኛ እንደዚያ ያለ ቃል እንደሌለው አስታውሳለሁ። እኔስ ብሆን? “ኢን” እና “ኦን” ላይ እስከ ዛሬ እምታታለሁ፤ አማርኛችን በአንዲት “በ” ሁሉንም ይጨርሳላ።

*

ፈተናው ታኅሣሥ ውስጥ አለፈ። ለቻይና አዲስ ዓመት አያቷ ቤት ወሰደችኝ። ጂያኦዚ እየጠቀለልን ነበር፤ የእኔ ሁሉ እየተፈታ ድስቱን ሾርባ አደረገው። ናይናይ፣ ማለትም አያቷ፣ ሳቁብኝና ድንገት ቀጥ ብለው ተቀምጠው በእንግሊዝኛ “ሎንግ ሊቭ ቼርማን ማኦ!” አሉ። አነጋገራቸው ጥርት ያለ ነው።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት የሚያውቋት። በ1950ዎቹ ትምህርት ቤቶች ወደ ሩስኛ ዞረው ነበር። ከዚያ የባህል አብዮት መጣና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሲከፈቱ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ትምህርት ይህቺ ሆነች። ቀጥሎ ናይናይ ወደ ገጠር ተላኩ። በ1977 ክረምት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቀመጠ፤ የገባው 270 ሺህ ገደማ ነው። ናይናይ ከተቀመጡት ናቸው፣ ከገቡት አይደሉም።

ጓደኛዬ ይህን በእንግሊዝኛ ትተረጉምልኝ ነበር። “ሺ ሲት ዘ ኤግዛም። ሺ ኖት ፓስ።” እንደ ልማዴ “ሳት፣ ዲድ ኖት” ልል አፌን ከፈትኩ። የአሮጊቷን ፊት አየሁና ዘጋሁት። ደግሞም “ዘ” የምትለዋን አልረሳችም ነበር።

እንግሊዝኛ በመግቢያ ፈተናው ላይ ሙሉ ክብደት ያገኘው በ1983 ነው። ከዓመት በፊት የቢቢሲ “ፎሎው ሚ” በቻይና ቴሌቪዥን ጀምሮ ነበር፤ ናይናይ ጎረቤት ቤት ሄደው፣ ልጃቸውን ታቅፈው ያዩት እንደነበር ነገሩኝ። በኋላ ሊ ያንግ የሚባለው ሰው ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ እንግሊዝኛ እየጮኸ እንዲማር ያደርግ ጀመር። ከጩኸት በፊት መፈታት ያለበት ሐፍረት ስለነበር ነው። ቻይናውያን ራሳቸው “ዲዳ እንግሊዝኛ” የሚሉት አለ፤ ያነባል፣ ያጠቁራል፣ አይናገርም። ይህን ቃል ስሰማ እኔም ከአዲስ አበባ የማውቀው ዲዳ ትዝ አለኝ። በመስታወት ውስጥ።

ውጤቱ የመጣው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ዊቻት ላይ ሦስት ፊደላት ላከችልኝ፦ ሦስት ግራም ዘይት። ከሥሩ ቁጥር አለ፤ 431። ደወልኩላት።

“ናይናይ ሰሙ?”

“ነገርኳቸው። ‘ስንት ዓመት ፈጀብን?’ ብለው ጠየቁኝ።”

“ምን አልሻቸው?”

“ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት አልኳቸው። እሳቸው ግን በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና ‘የለም፣ አርባ አንድ’ አሉኝ።”