ለዕቃ ደረሰኝ የሚሰጥ መንግሥት ልጅን ያለ ደረሰኝ ሲወስድ

የአሜሪካ መንግሥት በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሜክሲኮ ድንበር ላይ ልጆችን ከወላጆቻቸው መለየቱ ሲነሳ፣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የሕፃናቱን ልቅሶ ነው። ልቅሶው እውነት ነው። ግን እሱ ብቻ ከታወሰ ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ይረሳል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሕጉ እንጀምር።

ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገር በአሜሪካ ወንጀል የሆነው በ1929 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ቅጣቱ ከስድስት ወር እስራት አይበልጥም። ልጅ ይዘው የሚሻገሩ ወላጆች ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው በወንጀል አይከሰሱም ነበር፤ ጉዳያቸው የሚታየው በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ነው። በሌላ በኩል የ1997ቱ «የፍሎሬስ ስምምነት» መንግሥት ሕፃናትን ለረጅም ጊዜ አስሮ እንዳያቆይ ይገድበዋል። ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ ቤተሰብ አይበትኑም። በ2018 ግን አንዱን ከሌላው ጋር አገጣጥሞ ቤተሰብ መበተኛ ያደረጋቸው ፖሊሲ መጣ።

ሚያዝያ ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄፍ ሴሽንስ «ዜሮ ቶለራንስ» የተባለውን መመሪያ አወጡ፤ በመደበኛ መግቢያ በኩል ሳይሆን የተሻገረ ሁሉ በወንጀል ይከሰስ ተባለ። ግንቦት ላይ ልጅ የያዙ ወላጆችም እንደማይቀርላቸው በይፋ ተነገረ። አሠራሩ ግን አዲስ አልነበረም፤ በ2017 በኤል ፓሶ አካባቢ በዝምታ ተሞክሯል።

ሥራው እንዲህ ነው። ወላጅ በወንጀል ሲከሰስ ወደ ወንጀለኛ ማቆያ ይሄዳል። ልጅ እዚያ አይገባም። ስለዚህ ከእናቱ እቅፍ የተወሰደው ልጅ በመዝገብ ላይ «ብቻውን የመጣ ሕፃን» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያም ለሌላ መሥሪያ ቤት፣ ለጤና ሚኒስቴሩ የስደተኞች ክፍል ይተላለፋል፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ የሕፃናት ማቆያ ይላካል። እናት አጠገቡ ቆማ ልጁ ብቻውን መጣ ተባለ። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚህች አንዲት የመዝገብ ቃል ውጤት ነው።

ብዙዎቹ ወላጆች ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን ካመኑ በኋላ የታሰሩበት ጊዜ እንደ ቅጣት ታስቦላቸው በዚያው ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ድንበር ጠባቂዎቹ ይመለሱ ነበር። ሲመለሱ ልጁ የለም። የት ሄደ? የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የድንበር ጠባቂው ኮምፒውተር የአንዱን ቤተሰብ አባላት ከተለያዩ በኋላ አያይዞ የሚከታተልበት አሠራር እንዳልነበረው በኋላ የመንግሥት የራሱ ተቆጣጣሪዎች አረጋግጠዋል። ለመለየት ዕቅድ ነበረ፤ ለማገናኘት ግን ዝርዝር እንኳ አልነበረም።

መመሪያው ከመውጣቱ በፊት የተለየች አንዲት የኮንጎ እናት ነበረች። ስሟ በፍርድ ቤት መዝገብ በፊደል ብቻ ተጠቅሷል። በ2017 መጨረሻ ሳን ዲዬጎ አጠገብ ባለው ሕጋዊ መግቢያ ከልጇ ጋር ራሷ ቀርባ ጥገኝነት ጠየቀች፤ አልሾለከችም፣ አልተደበቀችም። ልጇን ወስደው ቺካጎ ላኩባት። ልጅቷ በሚቀጥለው ክፍል ስትጮህ እናት ትሰማ ነበር። መንግሥት እናትነቷን ተጠራጠርኩ አለ። የዲኤንኤ ምርመራ የተደረገው ግን የሲቪል ነፃነት ጠበቆች ከከሰሱ በኋላ ነው። ውጤቱ እናትና ልጅ መሆናቸውን አረጋገጠ፤ የተገናኙት ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። «ሐሰተኛ ቤተሰብ እንዳይገባ ነው» ለሚለው መከራከሪያ መልሱ እዚህ አለ። ማጣራት ይቻል ነበር፤ መጀመሪያ የመጣው ግን መለየቱ ነው።

በዚሁ ክስ ዳኛ ዳና ሳብሮ ጁን 26 ቀን 2018 ውሳኔ ሰጡ፦ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት በ14 ቀን፣ ሌሎቹ በ30 ቀን ውስጥ ከወላጆቻቸው ጋር ይገናኙ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ መለየቱ እንዲቆም ያዘዙት ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብለው ነው፤ አስቀድሞ የተለዩት እንዴት እንደሚገናኙ ግን ትእዛዛቸው አልተናገረም። ዳኛው ካነሱት አንዱን ነጥብ መርሳት አይቻልም። መንግሥት ከታሳሪ የወሰደውን ገንዘብ፣ ሰነድና መኪና መዝግቦ ይይዛል፤ ሲፈታም ይመልሳል። ለሕፃናቱ ግን ያን ያህል አሠራር አላዘጋጀም። ለዕቃ ደረሰኝ አለ፤ ለልጅ የለም።

ይህ ጉድለት ስንት ሰው ጎዳ? የዳኛው ውሳኔ መጀመሪያ የሸፈናቸው ከ2,800 የማያንሱ ልጆች ነበሩ። ጠበቆቹ በኋላ የቀደሙትን ሲደምሩ ከ5,000 በላይ ሆኑ። ከ400 በላይ ወላጆች ልጃቸው አሜሪካ ቀርቶ እነሱ ወደ አገራቸው ተባረዋል። በ2020 መጸው የ545 ልጆች ወላጆች ገና አልተገኙም ነበር። ፈላጊዎች በጓቲማላና በሆንዱራስ ተራሮች ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ ያረጀ አድራሻና የማይሠራ ስልክ ቁጥር ይዘው ይጠይቁ ነበር።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ኮሊን ክራፍት በቴክሳስ አንድ ማቆያ ጎብኝተው ነበር። መሬት ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ያዩዋትን ጨቅላ ሠራተኞቹ አንስተው ማቀፍ እንዳልተፈቀደላቸው ተናግረዋል። ሐኪሞቹ የሚያስጠነቅቁት ይህንን ነው፦ ልጅ ፍርሃትን የሚችለው የሚያቅፈው ሰው ሲኖር ነው፤ ያ ሰው ሲነጠቅ ፍርሃቱ በአካልና በአእምሮ እድገት ላይ ጠባሳ ይተዋል። ከተገናኙ በኋላም እናታቸውን ያልለዩ ጨቅላዎች ነበሩ።

«ሌሎች እንዳይመጡ ያስፈራል» መባሉስ? በ2018 የበጀት ዓመት በደቡብ ድንበር የተያዙት የቤተሰብ አባላት 107 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2019 ከ470 ሺህ በለጡ። ከባሰ ነገር የሚሸሽ ሰው በዚህ አልተመለሰም።

እኛ ይህን ታሪክ ከሩቅ የምናየው አይደለም። በ1990 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የኤርትራ ተወላጆችን ማባረር ጀመረ፤ የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ቁጥራቸውን 75,000 ገደማ አድርሰውታል። ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተባረዋል ወይም ለመውጣት ተገደዋል። ባል ሲባረር ሚስት ቀረች፤ አባት አሥመራ፣ ልጆች አዲስ አበባ ሆኑ። ስልክም በረራም ተቋረጠ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከ20 ዓመት በኋላ አሥመራ ሲያርፍ፣ የአሜሪካው ዳኛ የሰጡት የ30 ቀን ገደብ ሊያበቃ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያ ሐምሌ በሁለት አህጉር ወላጆች ልጆቻቸውን ፈለጉ። ልጆቹን ትቷቸው የሄደ አባት ያገኘው ትልልቅ ሰዎችን ነው። መገናኘት የሄደውን ዕድሜ እንደማይመልስ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

በ2023 መጨረሻ በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት በዚያ ፖሊሲ ዓይነት ቤተሰብ መለየትን ለስምንት ዓመት ይከለክላል። ስምምነቱ ቀን አለው፤ በ2031 መጨረሻ ያበቃል። አገሮች ድንበራቸውን የመጠበቅ መብት አላቸው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ግን የትኛውም መንግሥት፣ የእኛም ጭምር፣ ልጅን ከወላጁ እጅ ሲወስድ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ ልጅ የማን እንደሆነና የት እንደሄደ የጻፈው ማነው? መልስ ከሌለ፣ ሕግ ማስከበር የሚለው ስም አይገባውም።