በማታቬሪና በማንጋሬቫ መካከል ያለው ርቀት

በቺሌ ግዛት ሥር ያለችው የፋሲካ ደሴት፣ ነዋሪዎቿ ራፓ ኑይ የሚሏት፣ ከሳንቲያጎ ከተማ 3,760 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ትገኛለች። ማታቬሪ ከሚባለው የአይሮፕላን ማረፊያዋ በስተ ምዕራብ በቅርብ የሚገኘው ሌላ ማረፊያ 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ከማንጋሬቫ ደሴት አጠገብ ያለው ቶቴጌጊ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ መደበኛ በረራ የለም። ይሁን እንጂ ወደ ማታቬሪ የሚደረገው ጉዞ ሁሉ የሚታቀደው ይህ ርቀት ታስቦ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1951 የቺሌ አየር ኃይል መኰንን የነበረው ሮቤርቶ ፓራጌ፣ «ማኑታራ» የተባለችውን ካታሊና አይሮፕላን ከላ ሴሬና ከተማ አስነሥቶ ከ19 ሰዓት በላይ ከበረረ በኋላ ደሴቲቱ ላይ አረፈ። አይሮፕላኗ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትጓዝ በመሆኗ፣ ጥቂት የአቅጣጫ ስሕተት እንኳ ቢፈጠር ነዳጁ ከማለቁ በፊት ያችን ትንሽ መሬት ማግኘት ባልተቻለ ነበር። በ1967 ላን ቺሌ በዲሲ-6ቢ አይሮፕላኖች መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር የጉዞው ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደ፤ በሚቀጥለው ዓመትም መሥመሩ እስከ ታሂቲ ተራዘመ። ከዚያ ጄት መጣ።

ርቀቱ አንድ ሲሆን የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜ ግን እኩል አይደለም፤ በዚያ አካባቢ ከፍታ ላይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳልና። ለምሳሌ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት የ80 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢገጥመው ወደ ደሴቲቱ 4 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ሲፈጅበት፣ ሲመለስ 4 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚህ የተነሣ ወደ ፊት መቀጠልና ወደ ኋላ መመለስ እኩል ጊዜ የሚወስዱበት ነጥብ የመንገዱ አጋማሽ ላይ መሆኑ ቀርቶ ከሳንቲያጎ 2,057 ኪሎ ሜትር ላይ ይውላል። ካርታውን ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ነጥብ አያየውም።

እንደ ማታቬሪ ላሉ ገለልተኛ ማረፊያዎች የተደነገገው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ አይሮፕላኑ ከማረፊያው በላይ ሲደርስ ለሁለት ሰዓት ያህል የሚበቃ ነዳጅ እንዲኖረው ያዝዛል። ማንጋሬቫ ለመድረስ ግን በጄት እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ የተጠባባቂው ነዳጅ ጥቅም ዝናቡ እስኪያባራ ወይም ጭጋጉ እስኪገፈፍ በሰማይ ላይ መቆየት እንጂ ወደ ሌላ ማረፊያ መሸሽ አይደለም። ማታቬሪ ያለው መንደርደሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ያረፈ አይሮፕላን እዚያው ላይ ቢሰናከል በኋላው ያለው የሚሄድበት የለውም። በዚህም ምክንያት አንዱ መመለሻ የሌለውን ነጥብ አልፎ ገና ሳያርፍ ሌላው ያንኑ ነጥብ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። ደንቡ ለበረራ ሰሌዳ አዘጋጆች እጅግ አስቸጋሪ ቢሆንም አማራጭ የሚሆን የተሻለ መላ የለም።

በ1987 መንደርደሪያው በአሜሪካ የኅዋ ድርጅት በናሳ ወጪ ተራዘመ። ከካሊፎርኒያ የቫንደንበርግ ጣቢያ ይነሣሉ ተብለው የታቀዱት የኅዋ መንኰራኵሮች ችግር ቢገጥማቸው እንዲያርፉበት ታስቦ ነበር። በ1986 ከደረሰው የቻሌንጀር አደጋ በኋላ ግን የቫንደንበርጉ ዕቅድ በመተዉ አንድም መንኰራኵር አላረፈበትም። 3,300 ሜትር ገደማ የሆነው መንደርደሪያ ለሰፋፊ የመንገደኛ አይሮፕላኖች አገልግሎት ዋለ። የረዘመው ግን ያው አንዱ መንደርደሪያ ስለሆነ፣ የአንድ አይሮፕላን ደንቡ ከዚያ በኋላም እንዳለ ቀረ።