የኬላ ጠባቂዎች ማኅበር በእንግሊዝ አገር

የመንግሥት ሠራተኛ ታዛዥ መሆን እንደሚገባው የታወቀ ነው። ነገር ግን የመታዘዝ ወሰኑ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ በድንበር ላይ እንደ ቆመ ሠራተኛ አጥብቆ የሚያስብበት የለም፤ ከፊቱ እንግዳው፣ ከኋላው ትእዛዙ አለና። ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው የብሪታንያ ታሪክ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ዓመታቱም የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ብሪታንያ የሚገባውን እንግዳ የሚከለክለው አልነበረም። በ1905 የወጣው የባዕዳን ሕግ ግን በየወደቡ የኢሚግሬሽን ሹማምንትን አቆመ፤ በርካሽ ማዕርግ ከሚሳፈሩት መካከል ራሱን መርዳት የማይችለውን ድኻ እንዲመልሱም ሥልጣን ሰጣቸው።

የአገሩ ፖሊሶች በ1918 እና በ1919 ሥራ በማቆማቸው፣ በ1919 በወጣ ሕግ የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ ተከለከሉ። የድንበር ሹማምንት ግን ከሲቪል ሠራተኞች ጋር ስለሚቈጠሩ የመደራጀት መብታቸው አልተነካም። በ1981 ከፊሎቹ ተለይተው የኢሚግሬሽን አገልግሎት ማኅበርን አቋቋሙ። የቀሩት በሰፊው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ቈዩ፤ ይህም ማኅበር ከሌሎች ጋር እየተዋሐደ በ1998 የሕዝብና የንግድ አገልግሎቶች ማኅበር ተባለ።

የማኅበራቱ ክርክር አዘውትሮ ስለ ደመወዝና ስለ ጡረታ ነበር። በዲሴምበር 2022 በገና ሰሞን በስድስት የአውሮፕላን ማረፊያዎችና በኒውሄቨን ወደብ ሥራ በቆመ ጊዜ፣ ወታደሮች ፓስፖርት መመርመር ግድ ሆነባቸው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ክርክር ግን የተነሣው ስለ ገንዘብ አይደለም።

በሴፕቴምበር 2021 የአገር ግዛት ሚኒስትሯ ፕሪቲ ፓቴል፣ እንግሊዝን ከፈረንሳይ በሚለየው ጠባብ ባሕር ላይ ስደተኞችን የጫኑ ትንንሽ ጀልባዎች ወደ መጡበት እንዲገፉ የሚፈቅድ መመሪያ አጸደቁ። በረቂቅ ሕግም ውስጥ፣ በቅን ልቡና የሠራ ሹም በፍርድ እንዳይጠየቅ የሚከላከል አንቀጽ ገባ። ጠበቃው አስቀድሞ የተሰናዳለት ትእዛዝ፣ አደጋው ለአዛዡም የተሰወረ እንዳልነበረ ያመለክታል። በኖቬምበር 24 ቀን 2021 በዚያው ባሕር አንዲት ጀልባ ሰጥማ ቢያንስ 27 ሰዎች ሞቱ።

ማኅበሩም አባሎቹ ይህን እንዲፈጽሙ መታዘዛቸው ሕግን የሚጥስ ነው በማለት፣ ኬር ፎር ካሌን ከመሳሰሉ ስደተኛ ረጂ ድርጅቶች ጋር በመሆን መንግሥቱን ከሰሰ። ክርክሩ ሊሰማ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በኤፕሪል 2022 መንግሥት መመሪያውን አነሣ።

በምርጫ ሥልጣን ያገኘው ሚኒስትሩ ነው፤ ሠራተኛው በእርሱ ላይ የሚነሣው በምን መብት ነው? የሚል ሰው ቢኖር፣ ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ስለ ድንበር ፖሊቲካ እኔ ልወስን አላለም፤ ትእዛዙ ሕጋዊ መሆኑን ዳኛ ይመርምርልኝ አለ እንጂ። ፍርድ ሳይሰጥ ክሱ ስለ ተዘጋ ዋናው ጥያቄ መልስ አላገኘም። ሆኖም አንድ ነገር ተገልጿል፤ አንድ ሹም ብቻውን እንቢ ቢል እንጀራውን ያጣል፣ ዝም ቢል ደግሞ የሰው ሕይወት በእጁ ሊጠፋ ይችላል። ማኅበር ሲኖረው ግን ሦስተኛ መንገድ አለው፤ እርሱም ሥራውን ሳይለቅ ትእዛዙን በሕግ ፊት ማቆም ነው።