ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ሠዓሊውና መምህሩ

ከዚህ ከሐርጌሳ በጅጅጋ በኩል የሚሄደው መንገድ ሐረር ያደርሰናል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደው እዚያ ነው። በጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። «የባዕድ ነው» ያሉት ነበሩ። እኛ አንስማማም፤ በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» ሕማሙን የሚነግረን በቀለሙ ነው፣ ደም በመሰለው ቀይ፤ ይህን ለመረዳት የኮሎኝ ትምህርት አያሻም።

በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ግጥምም ይጽፍ ነበር። በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1981 ኦክላሆማ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲሞት ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። እኛን መምህራኑን ከሁሉ በላይ የሚቆጨን፣ ገና ብዙ በሚያስተምርበት ዕድሜ ከተማሪዎቹ መለየቱ ነው። ጀርመን ከቆዩት ሥዕሎቹ በርከት ያሉት ተመልሰው፣ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተከፈተው ማዕከል ተሰቀሉ።